ሜዲትራኒያን፦ ቀኑ ሪከርድ ይሰብራል፣ ሌሊቱ ሰው ይገድላል

ኦገስት 11 ቀን 2021 በጣሊያኗ ሲሲሊ ደሴት፣ ሲራኩዛ ከተማ አጠገብ የተተከለ አንድ የአየር ሁኔታ መለኪያ 48.8 ዲግሪ አሳየ። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መሣሪያውንም አተካከሉንም ሲመረምር ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጀ። በመጨረሻ በጃንዋሪ 2024 ልክ ነው ብሎ አጸደቀው። በአህጉረ አውሮፓ እስካሁን የተመዘገበው ከፍተኛው ሙቀት ይሄ ነው። ከዚያ በፊት ሪከርዱ የግሪክ ነበር፤ በ1977 አቴንስ አካባቢ 48 ዲግሪ ተለክቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዜናው አላቋረጠም። በጁላይ 2023 ቱኒስ 49 ደረሰች። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የሞሮኮዋ አጋዲር 50.4 አስመዘገበች፤ ሞሮኮ 50ን ስታልፍ ያ የመጀመሪያዋ ነው። በጁላይ 2025 ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ የምትገኘው ሲሎፒ 50.5 ገባች። ለቱርክም የመጀመሪያዋ። ስፔን የ2025ን በጋ (እዚያ በጋ ከጁን እስከ ኦገስት ነው)፣ መዝገቧ ከሚጀምርበት ከ1961 ወዲህ ከሁሉም የሞቀው ብላዋለች። አማካዩ 24.2 ዲግሪ ነበር። "24 ዲግሪ ደግሞ ምን አላት?" የሚል አይጠፋም። አማካይ ነው እኮ። ሌሊቱ፣ ተራራው፣ ዝናባማው ሰሜን ሁሉ ተደምሮ ነው 24.2 የወጣው። ከተለመደው በሁለት ዲግሪ ይበልጣል።

እኔ ግን እነዚህ ትልልቅ ቁጥሮች ዓይናችንን ከዋናው ነገር ላይ የሚያነሱት ይመስለኛል። ቀን 48 ዲግሪ ሲሆን ሰው ይጠነቀቃል። መንገዱ ጭር ይላል፤ የአቴንሱ ጥንታዊ ፍርስራሽ አክሮፖሊስ ለጎብኚ ይዘጋል፤ ቴሌቪዥኑ ውሃ ጠጡ እያለ ይለፈልፋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ 28 ዲግሪ ሲሆን ግን ማንም ማንንም አያስጠነቅቅም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የተኙ የ80 ዓመት አሮጊት ልብ የሚደክመው በዚያ ሰዓት ነው።

እዚያ ሌሊቱ ለምን አልቀዘቅዝ እንዳለ ለመረዳት ግን ከሰማዩ መጀመር ይሻላል።

ለእኛ ክረምት፣ ለእነሱ ደረቅ ሰማይ

እኛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጋቢ ደርበን ጭቃ ስናቦካ፣ ሜዲትራኒያን ዙሪያ ያለው ሰው ላቡን ይጠርጋል። ሁለቱ በአጋጣሚ የገጠሙ አይደሉም። በምድር ወገብ አካባቢ ሞቆና እርጥበት ተሸክሞ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ዝናቡን ያራግፍና ከላይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሄዳል። ከዚያ ሰሐራ አካባቢ ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል። ሲወርድ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ይሞቃል፣ ደመናም አያስጠጋም። ሰሐራን በረሃ ያደረጋት ይሄው ነው። ከጁን እስከ ኦገስት የዝናቡ መቀነት ወደ እኛ ሲወጣ፣ የሚወርደውም አየር አብሮ ወደ ሰሜን ተገፍቶ ሜዲትራኒያን ላይ ይቀመጣል። በምሥራቁ በኩል፣ ማለትም ሊባኖስ፣ እስራኤል፣ ቆጵሮስና ቱርክ አካባቢ፣ የእስያ ሞንሱንም እጁ አለበት። ሕንድ ላይ ዝናብ ሲያዘንብ ወደ ላይ የወጣው አየር ከፊሉ የሚወርደው እዚያ ነው።

ስለዚህ የሜዲትራኒያን በጋ ድሮም ደረቅና ሞቃት ነው። ወይራው፣ ወይኑ፣ ነጭ የተቀባው ግድግዳ፣ የቀን እንቅልፉ ሁሉ ለዚያ የተበጁ ናቸው። "ድሮም ይሞቃል ነበር" የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። የተቀየረው መነሻው ነው። በአካባቢው ላይ የሚሠሩ ሳይንቲስቶች ኅብረት በ2020 ባወጣው ግምገማ፣ የሜዲትራኒያን ቀጠና ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ሞቋል። ፍጥነቱም ከዓለም አማካይ በ20 በመቶ ይበልጣል። በዚሁ ከቀጠለ በ2040 ጭማሪው 2.2 ዲግሪ ይደርሳል።

ለምን ከሌላው ቀደመ? አንዱ ምክንያት አፈሩ ነው። መሬቱ እርጥብ ሲሆን የፀሐይዋ ጉልበት ግማሹ ውሃ በማትነን ያልቃል። መሬቱ ከደረቀ ግን የሚተን ነገር ስለሌለ ጉልበቱ በሙሉ አየሩን ያሞቃል። ቅዳሜ ዕለት ውሃ የተረጨ ግቢና ያልተረጨ ግቢ ላይ በባዶ እግሩ የሄደ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የሜዲትራኒያን አፈር ደግሞ ወደ በጋ የሚገባው ከዓመት ዓመት እየደረቀ ነው፤ የክረምት (የእነሱ ክረምት ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው) ዝናቡ ቀንሷልና።

ዝናቡ ለምን ቀነሰ የሚለውን ካብራሩት ሰዎች አንዱ ለእኛ ሰፈር እንግዳ አይደሉም። ሱዳን የተወለዱት የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ኤልፋቲህ ኤልታሂር ናቸው። በዓባይ ተፋሰስ ዝናብ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። በ2020 ከአሌክሳንደር ቱዌል ጋር ባሳተሙት ጥናት ሁለት ነገር አሳዩ። አንደኛ፣ ከላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ንፋስ መንገዱን ሲቀይር ሜዲትራኒያን ላይ ከፍተኛ የአየር ግፊት ይተክላል። ሁለተኛ፣ በክረምት ባሕሩ ከዙሪያው የብስ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ በሁለቱ መካከል የነበረው የሙቀት ልዩነት ይጠባል። ያም የአየር ግፊቱን ባሕሩ ላይ ከፍ ያደርገዋል። ግፊት ከፍ ካለ ዝናብ አዘል ደመና ይሸሻል። ሜዲትራኒያን በሦስት አህጉር ተከቦ እንደ ትልቅ ሐይቅ መተኛቱ እዚህ ላይ ጎዳው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ አይወራለትም። አውሮፓ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ከከሰልና ከፋብሪካ የሚወጣ የድኝ ጭስ አፍኗት ነበር። ጭሱ ሳንባ ይበላል፤ የፀሐይ ብርሃንንም መልሶ ወደ ሕዋ ያንጸባርቃል። አየሩ ሲጸዳ ሰው ተነፈሰ፣ ፀሐይዋም ያለ መጋረጃ ወረደች። ጭሱ ይመለስ የሚል ሰው የለም። ግን ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ የሮጠው በከፊል በዚህ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር መጥቶ ለአሥር ቀን አልንቀሳቀስም ሲል ነው የሙቀት ማዕበል የሚባለው። ከሥሩ ያለው አየር ወደ ላይ አይወጣም፤ ከሰሐራ የሚመጣው ይጨመርበታል፤ ትናንት የሞቀው ዛሬ ላይ ይደመራል። በ2023 ጣሊያን ውስጥ ለእነዚህ ማዕበሎች "ቼርቤሮ" እና "ካሮንቴ" የሚል የሲኦል ዘበኛና የሲኦል ጀልባ ቀዛፊ ስም ወጣላቸው። ስሙን ያወጣው መንግሥት አልነበረም፤ የግል የአየር ትንበያ ድረ ገጽ ነው። የስፔኗ ሴቪያ ከተማ ግን በ2022 የራሷን ማዕበል "ዞዪ" ስትል ሰውን ቀድሞ ለማስጠንቀቅ ነበር። የሴቪያው ይገባኛል። የሲኦል ዘበኛው ክሊክ ለመሰብሰብ ነው፤ በየሳምንቱ ሲኦል የሚጠራበት ሰው ደግሞ መፍራቱን ይተዋል።

ባሕሩ ማቀዝቀዙን ተወ

የባሕር ዳር ከተማ ሰው ሁሌም አንድ ተስፋ ነበረው፤ ማታ ከባሕሩ የሚመጣ ነፋሻ አየር። ያ ተስፋ እየተሟጠጠ ነው።

ባርሴሎና የሚገኘው የባሕር ሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች የመላው ሜዲትራኒያንን የዕለት የላይኛው ውሃ ሙቀት ይከታተላሉ። ጁላይ 24 ቀን 2023 የዕለቱ መካከለኛ ሙቀት 28.71 ዲግሪ ደረሰና ከ2003 ጀምሮ የቆየውን ሪከርድ ሰበረ። ኦገስት 15 ቀን 2024 ደግሞ 28.90 ሆነ። ይሄ የአንድ የባሕር ዳርቻ ቁጥር እንዳይመስላችሁ። ከጂብራልታር እስከ ቤሩት ያለው ባሕር በጠቅላላ ነው። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ቶሎ አይቀበልም፤ አንዴ ከተቀበለ ግን ቶሎ አይለቅም። በኦገስት የጠጣውን እስከ ኦክቶበር ይዞት ይቆያል።

የዚህ መዘዝ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ወበቅ ነው። ከሞቀ ባሕር የሚተነው ውሃ አየሩን ያከብደዋል፤ እርጥብ አየር ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ አይለቅም። ለዚህ ነው የባሕር ዳር ከተሞች ቀን ከመሐል አገር ያነሰ ዲግሪ እያሳዩ ሌሊት ግን አላስተኛ የሚሉት። የአየር ትንበያ ሰዎች ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ የማይወርድበትን ሌሊት "ትሮፒካል ሌሊት" ይሉታል። አሁን አሁን በአቴንስ፣ በባርሴሎና፣ በቴል አቪቭ 20 ቢሆን ኖሮ ሰው በደስታ በጨፈረ። ከ25 የማይወርድ ሌሊት እየተለመደ ነው።

ሁለተኛው መዘዝ ከበጋው በኋላ ይመጣል። ባሕሩ ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት ለመጸው የዝናብና የንፋስ ማዕበል ነዳጅ ነው። በሴፕቴምበር 2023 ዳንኤል የተባለው ማዕበል መጀመሪያ የግሪክን ቴሳሊ ሜዳ አጥለቀለቀ። ከዚያ በሞቀው ባሕር ላይ ተሻግሮ ሊቢያ ደረሰ። ከደርና ከተማ በላይ የነበሩ ሁለት ያረጁ ግድቦች በሌሊት ተደረመሱ፤ የከተማዋ እምብርት ከነነዋሪው ወደ ባሕር ተጠረገ። ሟቹ በሺዎች ይቆጠራል። ኦክቶበር 29 ቀን 2024 ደግሞ በስፔኗ ቫሌንሲያ ዙሪያ የወረደው ዝናብ ከ220 በላይ ሰው ገደለ። የደርናን ጥፋት በሙሉ ለአየር ንብረት ማሸከም ግን ለግድቦቹ ኃላፊዎች ማምለጫ መስጠት ነው። ግድቦቹ ለዓመታት ጥገና አላገኙም ነበር።

ባሕሩ ውስጥ ያለውም ሕይወት እየተገለባበጠ ነው። ከ2015 እስከ 2019 ባሉት አምስት ዓመታት በተከታታይ በሙቀት ምክንያት የጅምላ እልቂት እንደነበረ በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ኮራል፣ ስፖንጅ፣ የባሕር ሣር ሳይቀር። የሞቱትን ቦታ ደግሞ ከእኛው በኩል የሚመጡ እየያዙት ነው። የቀይ ባሕር ዓሣዎች በስዌዝ ካናል አልፈው ቆጵሮስና ሊባኖስ ዳርቻ ላይ ቤት ሠርተዋል። ከነሱ አንዱ እንደ ፊኛ የሚነፋ፣ መርዛም፣ የዓሣ አጥማጁን መረብ በጥርሱ የሚቀረድድ ነው። ቱርክና ቆጵሮስ ይህን ዓሣ ይዞ ለሚመጣ ዓሣ አጥማጅ ገንዘብ ይከፍላሉ።

የወይራ ዘይቱን ነገር አውሮፓ ያላችሁ ሱፐርማርኬት ውስጥ አይታችሁታል። ስፔን በደህና ዓመት 1.5 ሚሊዮን ቶን ገደማ ታመርታለች። በ2022/23 ወደ 660 ሺህ ቶን ወረደ። ዋጋው ሰማይ ነካ። አፕሪል 2023 ላይ ኮርዶባ 38.8 ስትገባ ዛፉ ገና አበባ ሊያወጣ ነበር።

ሞት የሚገባበት ሰዓት

በሙቀት የሞተ ሰው የሞት ምስክር ወረቀት ላይ "ሙቀት" ተብሎ አይጻፍም። የልብ ድካም፣ ስትሮክ፣ የኩላሊት መድከም ነው የሚባለው። ስለዚህ ተመራማሪዎች በተለመደው ሳምንት ስንት ሰው እንደሚሞት፣ በሞቀው ሳምንት ደግሞ ስንት እንደሞተ እያነጻጸሩ ያሰላሉ። ባርሴሎና የሚገኘው የጤና ምርምር ተቋም አይኤስግሎባል በዚህ መንገድ በ2022 በጋ አውሮፓ ውስጥ ከ61 ሺህ በላይ ሰው በሙቀት መሞቱን ገመተ። በ2023 ከ47 ሺህ በላይ፣ በ2024 ከ62 ሺህ በላይ። በ2022ቱ ብቻ የጣሊያን ድርሻ 18 ሺህ ነበር። ከአውሮፓ ሁሉ አንደኛ። የሴቶቹ ሞት ከወንዶቹ በ63 በመቶ ይበልጣል። ይህን የሚያህል ሰው በጎርፍ ቢያልቅ ኖሮ ሐዘን ይታወጅ ነበር።

ሰውነት የሚቀዘቅዘው በላብ ነው። ልብ ደሙን ወደ ቆዳ ይገፋል፤ ላብ ይወጣል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ልብ የበለጠ ይገፋል። ኩላሊት ውሃ ያጣል። ወጣት ሰው ቀን ይሄን ተሸክሞ ማታ ያርፋል። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ግን ዕረፍት የለም። ሦስተኛው፣ አራተኛው ሌሊት ላይ ነው አረጋውያን የሚሰበሩት። ኮንክሪቱም አብሮ ያሤራል። ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ጣሪያ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ወደ ታች ይተነፍሳል። የላይኛው ፎቅ ቤት ርካሽ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

"ኤሲ ማስገባት ነዋ!" ይባላል። ኤሲ ሕይወት ያድናል፤ ክርክር የለውም። ግን ከቤት ያወጣውን ሙቀት መንገድ ላይ ነው የሚደፋው፤ ኤሲ የሌለው ጎረቤት ይቀበለዋል። መብራትም ይፈልጋል። ጁን 21 ቀን 2024 አልባኒያ፣ ቦስኒያ፣ ሞንቴኔግሮና የክሮኤሺያ ባሕር ዳርቻ በአንድ ቀትር ጨለሙ። ሙቀቱ የመብራት ፍላጎቱን ሰማይ ሰቅሎት ነበር። በዚያው በጋ ግብፅ በፈረቃ መብራት ስታጠፋ ሰነበተች፤ ሱቆች ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይዝጉ ተባለ። እኛም ፈረቃ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ በ38 ዲግሪ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

ግብፅን ካነሳን አይቀር፣ አንድ እኛንም የሚነካ ነገር አለ። ሙቀት ሲጨምር ሰብል ብዙ ውሃ ይጠጣል። የአስዋን ሐይቅም ትነቱ ይብሳል፤ አሁንም ቢሆን በዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ በትነት እንደሚያጣ ይገመታል። የዓባይ ድርድር ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ስለ ዝናብና ስለ ግድብ ይከራከራሉ። የዴልታው ሙቀት ግን የግብፅን የውሃ ጥማት በራሱ እየጨመረው ነው፤ የትኛውም ስምምነት ቢፈረም።

የእኛ ሰዎች

ሜዲትራኒያን ዳር ብዙ ወገን አለን። ኔታንያ፣ አሽዶድ፣ አሽቀሎን ባሕሩን ታክከው ያሉ የእስራኤል ከተሞች ናቸው። ከጎንደር ደጋ በ1980ዎቹና በ1991 የተጓዙ ቤተ እስራኤሎች ዛሬ አያት ቅድመ አያት ሆነዋል። ጋቢ ለብሰው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ኤሲውን እነሱ "መዝጋን" ይሉታል። መዝጋን ቤት ውስጥ መኖሩና መከፈቱ ግን ሁለት ነገር ነው። የመብራት ሂሳብ ፈርቶ የሚያጠፋ ሽማግሌ በየአገሩ አለ። ልጅ ደውሎ "አባባ ከፍተኸዋል?" ሲል "አዎ ልጄ" ይላሉ፤ መስኮቱን ከፍተው ተቀምጠዋል።

ቤሩት ደግሞ ሌላ ታሪክ ናት። የሊባኖስ መንግሥት መብራት ከ2021 ቀውስ ወዲህ ብዙ ጊዜ በቀን ጥቂት ሰዓት ነው። ቀሪውን ሰው "ኢሽቲራክ" ይገዛል፤ የሰፈር ጄኔሬተር ማለት ነው። የሚገዛው በአምፔር ነው። አምስት አምፔር የገዛ ቤት ኤሲ ከከፈተ ብረት ምጣዱንም የልብስ ማጠቢያውንም መርሳት አለበት። አቅም ያለው ቤተሰብ አንድ ኤሲ ይከፍታል። ያ ኤሲ ሳሎን ወይም የማዳም መኝታ ቤት ነው የሚሆነው።

ከእኛ አገር የሄደችው የቤት ሠራተኛስ የት ታድራለች? የቤሩት አፓርታማዎች ፕላን ላይ ከኩሽና ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። አንዳንዷ መስኮት የላትም። አንዳንዷ ሴት በረንዳ ላይ ወይም ኩሽና ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ታድራለች። ምድጃው ሲነድ የዋለበት ግድግዳ አጠገብ ማለት ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። በሐምሌ ቀኑ ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ሌሊቱ ወደ አሥር ይወርዳል። ከዚያ ወይም ከጎጃም፣ ከወሎ ደጋ የሄደች ልጅ ሰውነት ወበቅ አያውቅም። ለመልመድ ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሥራው ግን የሚጀምረው በደረሰችበት ማግስት ነው።

ፍልሰታም አለ። ጾሙ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። የሜዲትራኒያን ሙቀት ጣሪያ የሚነካው ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ነው። ቤሩት፣ ሮም፣ አቴንስ ያሉ ብዙ እህቶቻችን ውሃ ሳይቀምሱ ከሰዓት በኋላ ድረስ ይቆያሉ። አገር ቤት ነሐሴ ላይ ይሄ ከባድ አይደለም፤ ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው። እዚያ ግን በ36 ዲግሪ ወበቅ ወለል እየወለወሉ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ሰው ትፈቅዳለች። ስለዚህ ጉዳይ የነፍስ አባትን መጠየቅ ነውር የለውም። እዚያ ያሉ ካህናትም ሳይጠየቁ ከዐውደ ምሕረት ቢናገሩት ብዙ ሰው ያተርፋሉ።

ከቤት ውጭ የሚሠሩትንም መርሳት አይገባም። በጁን 2021 ደቡብ ጣሊያን ፑሊያ ውስጥ አንድ የ27 ዓመት ማሊያዊ ከእርሻ ሥራ ወጥቶ በብስክሌት ወደ ቤቱ ሲሄድ ወድቆ ሞተ። ቀኑ 40 ዲግሪ ነበር። ከሞተ በኋላ ነው የክልሉ አስተዳደር በሙቀት ቀን ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት የእርሻ ሥራ ይቁም ያለው። በ2025 ብዙ የጣሊያን ክልሎች ይህንኑ ሕግ ለግንባታም አወጡ። ግሪክም ትንበያው 40 ሲደርስ ከቀኑ ስድስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የውጭ ሥራ ታስቆማለች። ዴሊቨሪ የሚያመላልሱትም ይጨመራሉ። ስፔን በ2023 ተመሳሳይ ድንጋጌ አውጥታለች።

እንዲህ ያለው ነገር ይሠራል። አይኤስግሎባል እንዳሰላው፣ አውሮፓ ከ2000 ወዲህ ባትላመድ ኖሮ የ2023 ሟች በ80 በመቶ ይበልጥ ነበር። ማስጠንቀቂያው፣ ባርሴሎና የከፈተቻቸው የሙቀት መጠለያዎች፣ በር እያንኳኩ አረጋውያንን የሚጠይቁ የቀበሌ ሠራተኞች፣ የሴቪያ መንገዶች ላይ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘረጋው ሸራ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። አቴንስ በ2021 ሥራዋ ሙቀትን መከላከል ብቻ የሆነ ኃላፊ ሾማለች። ከእነዚህ አብዛኞቹ ርካሽ ናቸው። የሚጎድለው ገንዘብ ሳይሆን ማንን እንደሚቆጥሩ መወሰን ነው።

ከቆጠራው የሚጎድሉት ደግሞ ይታወቃሉ። በኦገስት 2023 በሰሜን ምሥራቅ ግሪክ የዳዲያ ጫካ ሲነድ፣ የአውሮፓ ኅብረት አይቶት የማያውቅ ትልቅ ሰደድ እሳት ነበር። ለነዋሪው በስልኩ ላይ ውጡ የሚል መልእክት ደረሰው። ከቱርክ ድንበር ተሻግረው ጫካው ውስጥ ተደብቀው የነበሩ ስደተኞችን ግን ማን ይጥራቸው? የ18 ሰው አስከሬን በአንድ አካባቢ ተገኘ።

የቤት ሠራተኛዋም እንደዚያው ናት። የጣሊያኑም የግሪኩም ክልከላ "የውጭ ሥራ" ነው የሚለው፤ ከጣሪያ በታች ያለው ሙቀት አይመለከተውም። ሊባኖስ ውስጥ ደግሞ ከመነሻው የ1946ቱ የሥራ ሕግ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ያስወጣቸዋል። የሥራ ሰዓታቸውን የሚወስነው በካፋላ፣ ማለትም ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር በሚያስረው የስፖንሰር ሥርዓት፣ ያመጣት አሠሪ ነው። በሴፕቴምበር 2020 የአገሪቱ የሥራ ሚኒስቴር በሳምንት 48 ሰዓት፣ የዕረፍት ቀንና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያለው አዲስ ውል አጽድቆ ነበር። የአስመጪ ኤጀንሲዎች ማኅበር ከሰሰ። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በቀጣዩ ወር ውሉን አገደው።